የጥንብ አንሳዋ ገጽ

ልጅን በመጽሐፍ ማዘናጋት ይቻላል ብሎ የመከረኝን ሰው ባገኘው በምላሴ እገርፈው ነበር። ችግሩ ምክሩ የራሴ ነው።

ጎረቤቴ ከወለደች ሳምንት አልሞላትም። ባሏ ከአሸተን ማርያም ገዳም በታች ካለው ገደል ወድቆ ሞቶ ተገኘና እዚያው ተራራው ላይ ቀበርነው። ለአራስ ደግሞ መርዶ አይነገርም። ስለዚህ ለእሷም፣ ለሰባት ዓመት ልጇም “በሬ ሊገዛ ኮን ገበያ ሄዷል” ብለን ዋሸን፤ የነፍስ አባቷ እንኳ ሳይቀሩ።

የእኔ ድርሻ ልጅቷን መያዝ ነበር። ባለሥዕል የወፎች መጽሐፍ ገዝቼ ሰጠኋትና ደጃፉ ላይ ተቀመጥን።

“ይቺ ማን ናት?” አልኳት።

“ቁራ ናታ! እትዬ ደግሞ፣ ቁራ የማያውቅ ሰው አለ?”

በምላሷ እኔን መሰለች ብዬ ደስ አለኝ። ቀጣዩን ገጽ ስገልጥ ግን ክንፏን የዘረጋች ጥንብ አንሳ ወጣች።

“ይቺን እንለፋት፤ አስቀያሚ ናት።”

ጣቷን ሥዕሉ ላይ አሳረፈች። “አስቀያሚ አይደለችም። ገደሉ ላይ ስትዞር አይቼ ተከተልኳት። አባባን ከሁላችሁም በፊት ያገኘሁት እኔ ነኝ።”

ከውስጥ እናቷ፣ “ምንድን ነው የምታነቡት?” ብላ ተጣራች።

ልጅቷ ገጹን ቶሎ ገለበጠችና ጮክ ብላ፣ “ስለ ዋኔ ወፍ ነው እማዬ!” አለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች፦

“እንዳይነግሯት እትዬ። አራስ ናት።”