ሜኮንግ ዳር ልንገናኝ ነበር

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳላስ አጠገብ፣ ሮውሌት፣ ልጄ ማርታ ቤት ምሳ በላን። ልጆቿ ከአባታቸው ጋር ወደ ሐይቁ ወርደው ስለነበር ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማርታ ኮምፒውተሯን ከፍታ ወደ እኔ አዞረችው። ስክሪኑ ላይ ሰፊ፣ ቡናማ፣ የማይቸኩል ወንዝ ይታያል። ዳር ዳሩን ረጃጅምና ቀጫጭን ጀልባዎች ታስረዋል።

«ማሚ፣ ሶ ዘንድሮ ቲም ፓርክ ምናምን የለም» አለች። «ልጆቹን ይዘን ዝም ብለን ሪላክስ የምናደርግበት ቦታ አገኘሁ። ማለቴ ጠዋት ተነስተን ምንም ፕላን የሌለን። ላኦስ ነው፤ ከተማዋ ሉዋንግ ፕራባንግ ትባላለች። አንቺም ትመጫለሽ፣ ኦኬ?»

የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ያቺን ከተማ በዓይኔ አይቻት አላውቅም። አንድ ሰሞን ግን እንደ ተወለድኩበት ሰፈር አውቃት ነበር፤ የትኛው መንገድ ወደ ወንዝ እንደሚወርድ፣ ጥላው በየትኛው ሰዓት በረንዳው ላይ እንደሚወድቅ ሳይቀር።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። እዚያው ዳላስ ዳር፣ ሜስኪት ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች አፓርታማ እንኖር ነበር። ባለቤቴ ደረጀ ፎርት ዎርዝ መጋዘን ይሠራል፤ እኔ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ማታ ማታ እገባለሁ። እሱ ሲመጣ እኔ ስወጣ፣ ልጆቹን በር ላይ እንደ ዕቃ እንቀባበላለን። ማርታ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ወንድሟ ናሆም ገና ድክ ድክ ይላል። እኔ የሰው አባት እያጠብኩ፣ የሰው አባት እያጎረስኩ እውልና የራሴን አባት ካየሁት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር።

እናታችን በሕፃንነታችን ስለሞተች እኔንና ወንድሜን ያሳደገን አባዬ ብቻውን ነው። ፀጉሬን ሳይቀር የሚሠራኝ እሱ ነበር፤ ሹሩባው ጠማማ ይሆንና ትምህርት ቤት ይስቁብኛል። በሱዳን በኩል ስወጣ ደህና ሁን እንኳን አላልኩትም። አሜሪካ ገብቼ የጥገኝነት ወረቀት ካገኘሁ በኋላ ጠበቃዬ፣ ሸሸሁት ወዳልሽው አገር ከሄድሽ ወረቀቱን እርሺው አለኝ። አባዬ ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠየቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተከለከለ። እኔ መሄድ አልችል፣ እሱ መምጣት አይችል።

መላውን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ መስፍን ነው። የውሃ መሐንዲስ ነበር፤ አንድ የውጭ ድርጅት ቀጥሮት ላኦስ ገጠር ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ቤቱ ሉዋንግ ፕራባንግ፣ ሜኮንግ ወንዝ አፋፍ ላይ ነበር። አንድ ቀን ደወለና፣ እናንተ ሁለታችሁ አንዳችሁ ወደ አንዳችሁ መግባት ካልቻላችሁ ሁለታችሁም ወደ እኔ ኑ አለ። አባዬን እሱ ራሱ ከአዲስ አበባ ይዞት ይመጣል፤ እኛ በገና የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቹን ይዘን እንሄዳለን። «ሥራችን በረንዳ ላይ መቀመጥ ብቻ ነው» አለኝ።

ዕቅዳችን ምንም አለማቀድ ሆነ። ዳላስ ስንሮጥ ነው የምንኖረው፤ እዚያ ማንም ማንንም አያስቸኩልም ብለን ማልን። በዚያ ወቅት ወንዙ ስለሚጎድል መሐሉ ላይ አሸዋ ይወጣል፤ ልጆቹ ጠዋት እዚያ ይጫወታሉ። ቀትር ላይ ሁሉም ይተኛል። ማታ ጀልባ እንሳፈራለን። አባዬ በስልክ ይህን ሲሰማ፣ እኔ ጀልባ አልወጣም፣ ዳር ቆሜ ውዳሴ ማርያም እደግምላችኋለሁ አለ። መስፍን የዚያ አገር መነኮሳት ማለዳ ተሰልፈው ምግብ እንደሚለምኑ ነግሮት ደግሞ ልቡን ማርኮት ነበር። «እኔም ቆሎ ተማሪ ሆኜ ቁራሽ ለምኜ ነው ያደግሁት» አለኝ እየሳቀ። «አብሬያቸው እወጣለሁ፤ ውሻ እንዴት እንደሚባረር አሳያቸዋለሁ።» ያን ሳቁን ዛሬም እሰማዋለሁ።

ከአፓርታማችን ጀርባ እንደ ለውዝ የሚበላ ፍሬ ያለው ትልቅ የፒካን ዛፍ ነበር። በኅዳር ፍሬው ይረግፋል፤ ልጆቹ በረዶ የነካውን ሣር እየረገጡ ለአባባ ይለቅማሉ። አባዬ ጥርሱ አልቆ ስለነበር ፍሬውን ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በማር ለውሼ በማሰሮ አስቀመጥኩለት። ቤቱ የተቆላ ፒካን ሲሸት ሰነበተ።

ትልቁ ሥራ ግን ማርታን ሰላምታ ማስተማር ነበር። «አባባ እንዴት ነህ» ነበር የምትለው፤ እኔ ደግሞ አባቴ ፊት ልጄ እንዲህ አትልም ብዬ ተነሣሁ። ወንበር ላይ የደረጀን ጋቢ አለብስና፣ ይኸው አባባ፣ ፀጉሩ ነጭ ነው፣ ነጭ ጋቢ ለብሷል፣ እላታለሁ። በቤታችን የነበረው ፎቶው የጎልማሳነቱ ስለነበር ነው። እሷም ከሳሎኑ ጫፍ ትነሣና ወንበሩን ጉልበቱ ላይ ትስመዋለች። «እንደምን አደሩ አባባ? መንገዱ ደህና ነበር? እኔ ማርታ ነኝ፤ የልጅዎ ልጅ።» ከሥራ ስመለስ ከቁርስ በፊት እናጠና ነበር። መጨረሻ ላይ ያለ እኔ፣ ብቻዋን ወንበሩን ስትስም አገኛት ጀመር።

ከዚያ በኋላ የሆኑትን ነገሮች ያን ጊዜ አላስተዋልኳቸውም። አዲስ አበባ ስደውል አባዬ ስልኩ ላይ መምጣት ተወ። ስልክ የምታነሣው የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን ተኝቷል ትላለች፣ ሌላ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ለመንገዱ ኃይል እያጠራቀመ ነው ብዬ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። ደረጀ እህል ይነካካና ይተወዋል። ጎረቤቴ አልማዝ ልብስ ልታጣጥፍልኝ መጥታ ለአባዬ የገዛሁትን ሹራብ ስታይ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። በእኔ ደስታ ቀንታ ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ወጥ ቤት ቁርስ እያቀረብኩ በሩ ተንኳኳ። ማርታ በፒጃማዋ ሮጣ ከፈተች። በሩ ላይ ጋሽ ዘውዴ ቆመዋል። ከፎርት ዎርዝ ነው የመጡት፤ በዕድሜም በንግግርም ተመርጠው እንዲህ ላለው ነገር የሚላኩ ሽማግሌ ናቸው። ማርታ አይታቸው አታውቅም። ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል፤ ለብርዱ ነጭ ጋቢ ደርበዋል።

ልጄ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ልብሷን አስተካከለች። ከዚያ ቀረበችና ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እንደምን አደሩ አባባ? መንገዱ ደህና ነበር? እኔ ማርታ ነኝ፤ የልጅዎ ልጅ።»

አንድም ፊደል አልሳተችም። ለስንቱ መርዶ የነገሩት የጋሽ ዘውዴ እንባ ጺማቸው ላይ ወረደ። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና «ደህና ነበር ልጄ። እደጊ፤ ተባረኪ» አሏት። እሷም ዘወር ብላ፣ ልክ አደረግኩ ወይ በሚል ዓይን አየችኝ።

ያን ጊዜ ከኋላቸው ደረጃውን የሞሉትን ሰዎች አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸቴ ነው፣ ወለሉ ነው፣ የያዙኝ እጆች ናቸው። አልማዝ ልጆቹን አቅፋ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው።

አባዬ የሞተው በኅዳር፣ ፒካኑ ሲለቀም ነበር። በእንቅልፉ አለፈ፤ መስፍን ሊያመጣው ሄዶ ቀብሮት ተመለሰ። ደረጀ ያን ሁሉ ጊዜ ያውቃል። ለማርዳት ተሰብስበው ሲመክሩ፣ አንዳንዶቹ ወንድሟ ዘንድ ደርሳ ትስማ ብለው ነበር አሉ። ሌሎቹ አልቃሽ በሌለበት አገር እንዴት ትረዳለች ብለው ተቃወሙ። እዚህ ይነገራት ከተባለም፣ በሥራ ቀን ሰው የለም፤ ሁሉም ፈረቃ አለበት። አንዱ ቅዳሜ ደረጀ ፈራ፤ አንዱ ቅዳሜ ጋሽ ዘውዴ ታመሙ። አሜሪካ መርዶ እንኳን ቅዳሜን ይጠብቃል።

ደረጀን ለረጅም ጊዜ አኮረፍኩት። ፒካኑን ስፈጭ እያየህ እንዴት ዝም አልክ አልኩት። «እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም» አለኝ፤ «አንድ ቀን ልጨምርላት፣ አንድ ቀን ልጨምርላት ስል ነው።» የፒካኑን ልውስ ለቀስተኛ ከሻይ ጋር በላው፤ አልማዝ ለማን እንደተሠራ ሳታውቅ ነው ያቀረበችው። ጋሽ ዘውዴ በዓመቱ ሌላ ስቴት ልጃቸው ጋ ሄዱ፤ ማርታ ዳግመኛ አላየቻቸውም።

ይህን ሁሉ ሳስብ የማርታ ልጆች ከሐይቁ ተመለሱ። ትልቁ ኢያሱ ስድስት ዓመቱ ነው። የወንዙን ፎቶ አይቶ ማን ማን እንደሚሄድ ጠየቀ። አያትህም ትመጣለች አለችው። ቀጥሎ እናቱን አንቺስ አያት ነበረሽ ወይ አላት።

«አዎ» አለችው ማርታ። «አንድ ጊዜ ከኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ሜስኪት፣ ትንሿ አፓርትመንት። በሩን እኔ ነኝ የከፈትኩለት። ነጭ ለብሶ፣ ጉልበቱን ሳምኩት፣ ሲያየኝ በጣም አለቀሰ። ቶሎ ተመለሰ፤ ከዛ አገሩ ሞተ።» ወደ እኔ ዞረች። «አይደል ማሚ?»

ይህን ስትል የመጀመሪያዋ አይደለም። በልጅነቷ ስትለው ላርማት አፌን ከፍቼ አውቃለሁ። ሁልጊዜ ግን የዚያን ቀን ዓይኗ ይታየኛል፤ ልክ አደረግኩ ወይ የሚለው። መርዶ የደበቁኝን ሰዎች ስንት ዓመት ተቀይሜ፣ ይኸው እኔ የእሷን መርዶ በአፌ ይዤ ስዞር ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከእኔና ከእሷ መካከል አባዬን ያገኘችው እሷ ናት። እንዴት ብዬ ልውሰድባት?

«ነው ልጄ» አልኳት። እሄዳለሁም አልኳት፤ ወንዙን የሚያይ በረንዳ ያለው ክፍል ያዢልኝ። እዚያ ተቀምጬ እነግራት እንደሆነ አላውቅም። መርዶ ቅዳሜን ይጠብቃል፤ ያን ቀን ደግሞ እሑድ ነበር።