ከዲጋ ወዲያ በእንጨት ላይ የቆመችው ቤት

ያቺን መኪና በወለጋ መንገዶች ላይ አምስት ዓመት ነድቻታለሁ፤ ደስ ብሎኝ የነዳሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። አንድ ፈረንጅ ባልና ሚስት አገር ለአገር ሊዞሩባት ያሠሯት የቤት መኪና ነበረች። በአሮጌ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የእንጨት ቤት ተሠርቶ፣ ውስጡ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የእጅ መታጠቢያና ትንሽ ምድጃ ተገጥሞለታል። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነቀምቴ ለነበረው ክሊኒካችን ትተዋት ሄዱ፤ ክሊኒኩም የገጠር ሕክምና መዞሪያ አደረጋት። ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ መኪና በየአውራጃው በጣት የሚቆጠርበት። የገበያ ሰው በኦሮምኛ «መነ ዴሙ» ይላት ነበር፤ የሚሄድ ቤት ማለት ነው። መሄዷን እንኳ ከእኔ በላይ የሚጠራጠር አልነበረም።

የምነግራችሁ የሆነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሦስት ሆነን ወደ ደዴሳ ሸለቆ ወርደን ነበር፤ ነርሷ፣ ቁስል የሚያጥብ አንድ ወጣት ድሬሰርና እኔ። ነርሷ የነቀምቴ ልጅ ናት፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ትናገራለች። እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከመንገድ መጠየቅ ብዙም አያልፍም። ስድስት ቀን ከመንደር መንደር ስንዞር ሰነበትን። በስድስተኛው ቀን ሦስታችንም ከድካም የተነሣ መነጋገር ትተን ነበር።

ልንመለስ ስንል አንዲት ወላድ አመጡልን። ከወለደች አራት ቀኗ ነው፤ ትኩሳቱ እንደ እሳት ያነዳታል። ነርሷ አይታት ሲያበቃ «ነቀምቴ ሐኪም ቤት ካልገባች አትተርፍም» አለችኝ። አልጋው ላይ አስተኛናት። አማቷ ሕፃኑን አዝለው አብረው ተሳፈሩ። እኚህ ሴት ጠና ያሉ፣ ጥቂት የሚናገሩ፣ ሲናገሩ ግን ሰው የሚያዳምጣቸው ነበሩ።

ዳገቱን ጨርሰን ዲጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን በስተቀኝ ከኋላው ጎማ የመፍጨት ድምፅ ተሰማኝ። ቀጥሎ የተቃጠለ ግራሶ ሸተተኝ። ወርጄ ምራቄን ጎማው መሐል ላይ እንትፍ ብል ጭስ ብሎ ተነነ። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። እያንፏቀቅሁ መንገዱ ዳር ወደሚገኝ አንድ የገበሬ ቤት ደጅ አደረስኳት፤ ከዚያ የተሻለ ሜዳ አልነበረም።

ሥራውን አውቀዋለሁ። መኪና በክሪክ ከመነሣቱ በፊት ውስጡ ያለ ሰው ሁሉ ይወርዳል። የፊት ጎማዎች እንዳይንከባለሉ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸዋል፤ ምክንያቱም የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን ነው፤ የኋላው ከመሬት ከተነሣ ፍሬን የለህም ማለት ነው። የጎማው ማሰሪያ ዳዶዎች ጎማው ገና መሬት ላይ ሳለ ይላላሉ። ክሪኩ ከሥሩ ሰፊ ሳንቃ ይነጠፍለታል። ይህን ሁሉ ለሌላ ሾፌር ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

«ሲስተር፣ በሽተኛዋ መውረድ አለባት» አልኩ።

«አትወርድም» አለች ነርሷ በመስኮቱ። «ደሟ ገና አልቆመም። ከዚህ አልጋ ካነሣኋት ይፈሳል። ዝናቡንም ይዩት።»

«ሲነሣ ይናወጣል።»

«ቀስ ብለው ያንሡታ።»

መከራከር ነበረብኝ። አልተከራከርኩም። ስድስት ቀን ያልተኛ ሰው ክርክር ከሥራ በላይ ይከብደዋል። ድንጋይ ሁለት ለታኮ አገኘሁ፤ አራት መፈለግ ነበረብኝ። ለክሪኩ ሳንቃ አጣሁና ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍኩ። እኚያ አማት ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ሕፃኑን እንዳዘሉ ከመኪናው ወርደው ከገበሬው ቤት ክፈፍ ሥር ተቀመጡ። ነርሷ «ይግቡ እንጂ፣ ዝናብ ነው» ብትላቸው በኦሮምኛ መለሱላት። ምን እንዳሉ በኋላ ነገረችኝ፤ «ሲያነሡት ከሚንቀሳቀስ ቤት ውስጥ አልቀመጥም» ነው ያሉት።

ክሪኩን ከባሌስትራው አጠገብ የኋላ ጎማዎቹን በሚያገናኘው አክሰል ሥር አስገብቼ ማንሣት ጀመርኩ። ጎማው ከመሬት ለቀቀ። ድሬሰሩ አክሰሉ የሚያርፍበት ግንድ ይዞ በደረቱ ተኝቶ ወደ ውስጥ ይገፋል። ያን ጊዜ ከክሪኩ ሥር ያለው ድንጋይ በአንድ ጎኑ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ አየሁ። ሲሰምጥ ቀስ ብሎ ነው። «ውጣ» አልኩ። ድምፄ የወጣ አይመስለኝም፤ ልጁ ግን ፊቴን አይቶ እጁን ሳበ። መኪናዋ ወደ ኋላ አንድ ክንድ ያህል ሸሽታ ወደቀች። አክሰሉ ግንዱ ላይ ሲያርፍ የልጁን ሸሚዝ እጅጌ ከግንዱ ጋር ያዘው። እጁ ባዶ ወጣ፤ ጨርቁ እዚያው ቀረ።

ከውስጥ ዕቃ ሲሰባበር፣ ቀጥሎ ሴትየዋ ስትጮህ ሰማን። ከአልጋው ወድቃ ነበር።

ነርሷ በሩ ላይ ወጥታ አየችኝ። ግንባሯ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተጋጭቶ ይደማል። ድሬሰሩ ጭቃው ላይ ተቀምጦ የተቀደደ እጅጌውን ደጋግሞ ያያል።

የቤቱ ባለቤት የወጡት በዚህ መሐል ነው። አጠር ያሉ፣ ሽበታቸው የወጣ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ኦሮምኛ እጅግ ይሻላል። ወደ መኪናዋ፣ ወደ ክሪኩ፣ ወደ ድንጋዩ አዩ።

«ሾፌር፣ ሰው አለ ውስጥ?»

«አለ፣ አባ። ወላድ ናት።»

«መጀመሪያ እሷን እናውጣ» አሉ። እንደ ስድብ አላሉትም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ እንደ ስድብ ይሰማኛል።

በአልጋው ሰሌዳ ለአራት ተሸክመን ቤታቸው አገባናት። ነርሷ እንደፈራችው ደሟ ፈሰሰ፤ ግን ብዙ አልነበረም፤ አቆመችው። ሽማግሌው ወደ ደጅ ወጥተው የቤታቸውን በር ከማጠፊያው ነቀሉት። ከአንድ ወፍራም የዋንዛ ግንድ የተጠረበ በር ነው።

«ለክሪኩ ይሆናል?» አሉኝ።

«ቤትዎ ያለ በር ይቀራል፣ አባ።»

«ለጊዜው ነው። ሌባ በዚህ ጭቃ አይመጣም።»

ከዚያ ወዲያ እንደሚገባ ሠራሁ። ለፊቶቹ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አደረግሁ፤ ማርሽ አስገባሁ። ጭቃውን ጠርጌ በሩን ነጠፍኩ፤ ክሪኩን መሐሉ ላይ አቆምኩ። ትንሽ አንሥቼ አየሁ፤ አልሰመጠም። ሽማግሌው ለበረት አጥር ያዘጋጁትን የወይራ ጉማጅ ሰጡኝ፤ ሁለት በዚህ፣ ሁለት በላዩ አግድም እያደረግሁ እንደ ደመራ ሳይሆን እንደ ግርግዳ ካብኩት። አክሰሉን ካቡ ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ እኔና ድሬሰሩ በትከሻችን ገፋናት። አልተነቃነቀችም። ያን ጊዜ ብቻ ጎማውን ፈታሁ።

ኩሽኔታው ተፈጭቶ ዱቄት ሆኗል። መለዋወጫ አለኝ ብዬ ሣጥኔን ስከፍት የያዝኩት የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሆኖ ተገኘ። ሣጥኑን የሞላሁት እኔው ራሴ ነኝ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

እግዚአብሔር ይስጠው፣ አንድ ቡና የጫነ መኪና ከጊምቢ መጣ። ሾፌሩ ጋቢናውን ለበሽተኛዋና ለነርሷ ለቀቀ፤ አማቷና ድሬሰሩ ከነሕፃኑ ጆንያ ላይ ወጡ። ነርሷ ስትሳፈር «ኩሽኔታውን ፈልጌ እልካለሁ» አለች።

እዚያ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። መኪናዋን በአንድ ጎን አንሥቼ ያን ያህል ጊዜ ማቆም ስለማልችል በግራውም በኩል በዚያው ሥርዓት አንሥቼ የኋላ ጎማዎቿን ሁሉ አወለቅሁ። ጎማ የሌላት ቤት ወይራ ላይ ቆማ ዝናብ ይወርድባታል። አልጋ አላት፤ እኔ ግን ልገባባት አልደፈርኩም። ካቡ እንደማይነቃነቅ አውቃለሁ፤ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ። ከሽማግሌው ቤት ከጥጆቹ ወዲህ አደርኩ። በሩ ከክሪኩ ሥር ስለነበር በመግቢያው ላይ ቁርበት ሰቅለው ነፋሱን ከለሉ። ሚስታቸው አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው ያበሉኛል። እሑድ ከነቤተሰባቸው ወደ ጸሎት ቤት ሲሄዱ እኔ መኪናዋን እጠብቃለሁ። ማን እንደሚሰርቃት እንጃ።

ከሁሉ የከበደኝ ሴትየዋ ትኑር ትሙት አለማወቄ ነው። በመንገዱ ያለፈውን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ሽማግሌውን «አባ፣ ብትሞት የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ለጥጃው ሣር እየሰጡ «ብትሞት ትኩሳቱ ነው» አሉ። ቀጥለውም «እጅጌው የተቀደደው ልጅ ቢሞት ኖሮ ግን አንተ ነበርክ» አሉኝ። አላጽናኑኝም፤ አልፈረዱብኝም። ልኩን ነው የነገሩኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በዘጠነኛው ቀን የአውቶቡስ ረዳት በጆንያ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ወረወረልኝ። ኩሽኔታው ነው። ነርሷ ነቀምቴ ካሉት የጉራጌ ነጋዴዎች አንዱን አስቸግራ ከአዲስ አበባ ያስመጣችው ነበር። አብሮ ያለው ወረቀት ላይ «ተሽሏታል፤ ሕፃኑም ደኅና ነው» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ሥራዬን ጀመርኩ። ጎማዎቹን መልሼ፣ ዳዶዎቹን በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እያጠበቅሁ፣ ካቡን ከላይ ወደ ታች አፍርሼ አወረድኳት። በሩን አጥቤ ወደ ቦታው ሰቀልኩት። የክሪኩ እግር አራት ማዕዘን ሆኖ ታትሞበታል። አሳየኋቸው። «ይዘጋል ወይ?» አሉ። ይዘጋል።

ነቀምቴ ስደርስ ነርሷን መድኃኒት ክፍል አገኘኋት፤ ግንባሯ ላይ ፕላስተር አለ።

«አትወርድም ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ቀና ሳትል።

«ክሪኩን የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ።»

«ደክሞን ነበር።»

«አዎ፣ ደክሞን ነበር።»

ከዚህ በላይ ተነጋግረንበት አናውቅም። አብረን ሠራን እንጂ።

በማግሥቱ ወላዷ ከሐኪም ቤት ወጣች። ቀጥና ነበር፤ ግን በእግሯ ትራመዳለች። መኪናዋን ደጁ አቁሜ «ላድርሳችሁ» አልኩ። አማቷ ወደ መኪናዋ፣ ወደ እኔ አዩ። ቅያሜ ፊታቸው ላይ አልነበረም። በነርሷ አስተርጓሚነት «እግዜር ይስጥልን፣ ወንድማችን በቅሎ ይዞ መጥቷል» አሉኝ። ምራታቸውን በቅሎው ላይ አስቀመጡ፤ ሕፃኑን ራሳቸው አዘሉ። ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ ቀስ እያሉ ሲሄዱ እስኪሰወሩ ድረስ አየኋቸው። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ለክሊኒኩ ዘበኛ ሰጥቼ ቤቴ ገባሁ፤ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተኛሁ።