ሳሚ ያልሞተ ዕለት

ባለፈው እሑድ ልጄን ዲቲኮን ባቡር ጣቢያ ሸኘሁት። እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚህ አገር፣ በስዊዘርላንድ፣ ባቡሩ ሁሉ በወታደር ይሞላል፤ ቅዳሜን ከእናቱ ጋር አሳልፎ ወደ ካምፑ የሚመለስ ልጅ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የኔው ግን ዓርብ መጥቶ ልብሱን የሚያሳጥበኝ ዓይነት አይደለም። በገዛ ፈቃዱ ተመዝግቦ ለስድስት ወር ወደ ባልካን ሊሄድ ነው፣ ሰላም ለማስከበር። የገዛ መኝታ ቤቱን ማስተካከል ያቃተው ልጅ! «ማሚ፣ ካይን ሽትሬስ፣ ደህና ነኝ እኮ» አለኝ፤ አትጨነቂ ማለቱ ነው። በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ሄደ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዘነበች ትዝ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው፣ ሳልፈልግ።

ዘነበችን በአፌ ሁልጊዜ አንቱ እላት ነበር፤ በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። እዚህ ግን አንቱ ልላት እጄ እንቢ ብሎኛል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ሁለታችንም ጄኔቭ ከሐይቁ በላይ ባለ የአንድ ዲፕሎማት ቪላ ውስጥ ነበርን። እሷ ምግብ ታበስላለች፤ እኔ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። አንድ ልጅ ነበራት፣ ሳምሶን፣ እሷ ሳሚ የምትለው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ አባቱ ወደ አሜሪካ ወስዶባት ከዚያ ወዲህ በዓይኗ አላየችውም። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ተቀጠረና መርከቡ ወደ ዐረቦቹ ባሕረ ሰላጤ ሄደ። ጉለሌ ተወልዶ ከክረምት ጎርፍ በቀር ውኃ ያላየ ልጅ!

እንግዲህ የዘነበች ኑሮ እሱን መደገፍ ሆነ። ዳቦ ቆሎ ትቆላለች፣ በሶ ታዘጋጃለች፣ ቋንጣ በማዳም፣ በዲፕሎማቱ ሚስት፣ ምድር ቤት ታደርቃለች፤ ሽታው ሳሎን ድረስ ሲወጣ ማዳም የሞተ አይጥ ፍለጋ ቤቱን አስገለበጠችኝ። ባሕር ብርድ ነው ብላ ወፍራም የሱፍ ካልሲና ቸኮሌት ትጨምርበታለች። ሳሚ መልስ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የማነብላት እኔ ነበርኩ። «እማዬ፣ እዚህ እንደ ምድጃ ነው፤ ቸኮሌቱ ሾርባ ሆኖ ደረሰ፣ ካልሲውን ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ያወርዱበታል» ብሎ ቢጽፍላት፣ «ውይ የኔ ጌታ፣ አላማረረም» ብላ በሚቀጥለው ወር ካልሲውን እጥፍ አደረገችው።

ክፉው ነገር ስልኩ ነበር። ሳሚ ቤተሰብ ወሬ የሚጠይቅበት የአሜሪካ ስልክ ቁጥር ልኮላት ነበር። በቴሌቪዥን ስለ ባሕረ ሰላጤው አንድ ነገር በተነሳ ቁጥር፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን የማዳምን ባል፣ የሙሴን፣ ቢሮ ከፍታ ትገባና ትደውላለች። እንግሊዝኛ አትችልም። ስሙን ትናገራለች፣ «ኦኬ?» ትላለች፣ ሙዚቃ ያሰሟታል፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትጠብቃለች። «እትዬ ዘነበች፣ ኋላ ጉድ ይፈላል» አልኳት ስንት ጊዜ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ አልወለድሽ» ትለኛለች።

ጉዱ ፈላ። አንድ ጠዋት ማዳም የስልክ ሂሳቡን ወረቀት ይዛ ወጥ ቤት ገባችና «ከሁለታችሁ ማን ነው?» አለች። ዘነበች ሾርባ ታማስል ነበር። ማማሰሏን ቀጠለች። ማዳም ወደኔ ዞረች፤ አሜሪካ እህት እንዳለችኝ ታውቃለች። እኔም ደንግጬ «እሷ ናት» አልኩ። ማዳም ሳቀች። ዘነበች ሰባት ዓመት አገልግላታለች፣ እኔ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ እኔን አባረረችኝ። ዘነበችን አየኋት። የሾርባውን ጨው በማንኪያ ቀመሰች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ ያንን ድስት በራሷ ላይ ብደፋው ደስ ይለኝ ነበር።

ጄኔቭ ውስጥ በዲፕሎማት ቤት ለምትሠራ ሴት ከሥራ መባረር ከአገር መባረር ነው። መታወቂያው፣ ካርቱ፣ የሚሰጠው በአሠሪው ስም ነው፤ አሠሪው ከተወሽ ካርቱን ትመልሺና ሌላ አሠሪ ካላገኘሽ ሻንጣሽን ትጭኛለሽ። አዲስ አበባ አምስት ታናናሾቼ ከእኔ ይጠብቃሉ። ሻንጣዬን ይዤ «ለ ሊኞን» የሚባለው ሰፈር፣ እዚያ መጨረሻ የሌለው የሚመስል ረጅም ሕንፃ ውስጥ፣ እትዬ አሰለፈች ቤት ገባሁ። እትዬ አሰለፈች የማርያም ማኅበራችን ሰብሳቢ ነበሩ፣ ሰው የሚያስጠጉ፣ ስድብም የማያጥራቸው። «ቆይ፣ ይቺ ሴትዮ እግዜርን አትፈራም?» አሉና ሽማግሌ ይዘን ፊት ለፊት እንድንጠይቃት ተወሰነ። እውነቱን ለማዳም አልናገርም ካለች ከማኅበሩ ትወጣለች።

ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዘነበች ቅዳሜ ማታ የምታድርበት ለ ሊኞን ውስጥ፣ ከእኛ ሦስት በር አለፍ ብሎ፣ የተከራየችው ክፍል ነበራት፤ እሑድ ደግሞ በጠዋት ትወጣለች። ስለዚህ ከቅዳሴ በፊት፣ ገና ሳይነጋ ብንሄድ እናገኛታለን አልኩ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፣ ቢዝ የሚሉት የጄኔቭ ነፋስ አጥንት ይሰብራል። እትዬ አሰለፈች ጥቁር ካፖርት ላይ ነጠላ ተከናንበዋል፣ እኔም እንደዚያው። ሽማግሌያችን አቶ ግርማ፣ ድሮ ዳኛ የነበሩ፣ ጥቁር ካፖርትና ጥቁር ባርኔጣ። አንዳችንም ምን እንደምንመስል አላሰብንም።

አንኳኳን። ዘነበች በሌሊት ልብስ ከፈተች። አቶ ግርማን አየች፣ እትዬ አሰለፈችን አየች፣ እኔን አየች። አቶ ግርማ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ሽማግሌ ሁሉ እንደሚለው፣ «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ እህቴ» አሉ።

የአገሬ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጎህ ሳይቀድ ሦስት ሰው ጥቁር ለብሶ በርሽን አንኳኩቶ ቁጭ በይ ካለሽ ነገሩ አንድ ብቻ ነው። «ሳሚዬ!» ብላ ጮኸች፣ መሬት ላይ ወደቀች፣ ደረቷን ትደልቅ ጀመር። ጎረቤት ያለ ፈረንጅ ግድግዳውን መታ።

«ኧረ በማርያም! ልጅሽ ደህና ነው!» ይላሉ እትዬ አሰለፈች።

«ምንም አልሆነም፣ እኛ የመጣነው ለሌላ ጉዳይ ነው» ይላሉ አቶ ግርማ።

ማን ይሰማል! «እናቴ ስትሞትም ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው ነበር ያላችሁኝ!» ትላለች። እውነቷን ነው፤ መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ ይዋሻል። ደህና ነው ባሏት ቁጥር ይበልጥ ሞተባት።

ከዚያ በጉልበቷ እየዳኸች ወደ እኔ መጣች። ሁለት እጄን ያዘችኝ። «የሺ፣ አንቺ ንገሪኝ። እነሱ አዝነውልኝ ይዋሻሉ። አንቺ ትጠይኛለሽ፤ የሚጠላ ሰው አይዋሽም። ልጄ አለ?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አለ፣ የመጣነው ልንጣላሽ ነው ብላት አምናኝ ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ የምታምነው እኔን ብቻ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ። «በአንቺ ነው፣ በአንቺ ግፍ ነው! ስልኩን እኔ ደውዬ አንቺን አስባረርኩሽ፣ የሰው ልጅ ብበድል ልጄን ወሰደብኝ። ዛሬውኑ ለማዳም እነግራለሁ፣ ነፍሱን ይማርልኝ» አለች።

ዝም አልኩ።

እትዬ አሰለፈች ፊቴን አይተው ገባቸው። «አንቺ! ንገሪያት እንጂ!» ብለው ቆነጠጡኝ። እኔ ግን ካፖርቷን ከማንጠልጠያው አውርጄ አለበስኳት፣ ጫማዋን አሰርኩላት፣ ደግፌ ወደ አውቶቡስ ይዣት ወጣሁ። ከኋላችን እትዬ አሰለፈች ሲረግሙኝ በኮሪደሩ ሙሉ ይሰማ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔው ነቅዟል፣ ሽታው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

አውቶቡሱ ውስጥ ከእኛና ከአንድ የሆስፒታል ፈረቃ ከጨረሰች ሴት በቀር ሰው አልነበረም። የሮን ወንዝ ዳር ዳሩ በረዶ ይዟል። ዘነበች ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ በቀስታ ታንጎራጉር ነበር፦

«የጉለሌው ልጄ፣ ውኃ መች ታውቃለህ፤
አፈር በሌለበት እንዴትስ ታርፋለህ።»

ይህን እየሰማሁ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ሄድኩ። በየፌርማታው፣ አሁን እነግራታለሁ፣ እላለሁ። በየፌርማታው ካርቴ ትዝ ይለኛል። ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስታም ነበረበት። ትንሽ ይመማት እልም ነበር።

ማዳም በመኝታ ልብሷ ወጣች። ዘነበች በሯ ላይ ቆማ፣ ያላትን ፈረንሳይኛ ሁሉ አሟጣ «ቴሌፎን፣ ሙዋ። የሺ፣ ኖን» አለች፤ እኔ ነኝ፣ የሺ አይደለችም። ከዚያ ልጄ ሞተ ብላ ደረጃው ላይ ተዘረጋች። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። ወዲያው ባሏን ቀሰቀሰች፤ እሱም ያንኑ ቢሮ ከፍቶ፣ ያንኑ ስልክ አንስቶ፣ ያንኑ ቁጥር ደወለ። ሻይ ያፈላሁት እኔ ነኝ። ሙሴ ስልኩን ሲዘጋ ግራ ገብቶት ነበር። መርከቡ ሰላም ነው፣ ልጁ ሥራው ላይ ነው፣ የሞተም የታመመም የለም።

«ታዲያ ሞተ ያለሽ ማን ነው?» አለቻት ማዳም።

ዘነበች በጣቷ ወደኔ አመለከተች። ማዳም ዞረችብኝ። «እኔ ምንም አላልኩም» አልኩ፣ እሱም እውነት ነበር።

ዘነበች አልጮኸችም። ከደረጃው ተነስታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ በአማርኛ፣ ለኔ ብቻ፣ «እኔ እንጀራሽን ነሳሁሽ። አንቺ ግን ልጄን ገድለሽ አሳየሽኝ» አለችኝ።

ሥራዬ ተመለሰልኝ፤ ያን ሳምንት ማዳም እራት ትጋብዝ ነበርና የሚተኩስ እጅ ያስፈልጋት ነበር። ዘነበች ተሰናበተች፣ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ሰፈር ያለች ዘመዷ ሌላ አሠሪ አግኝታላት ቢሮ ልታጸዳ ሄደች። በማኅበሩ ስሟ ሲነሳ በክብር ነበር፤ እኔ ስገባ ሴቶቹ ፈቀቅ ይሉ ጀመር። እትዬ አሰለፈች አላስወጡኝም፣ ግን ከዚያ በኋላ በእጃቸው አጉርሰውኝ አያውቁም።

በዓመት ከምናምኑ ላገባ ነበር፣ በተክሊል። ንስሐ አባቴ ነገሩን ሰምተው ኖሮ «ሳትታረቂ አትቆርቢም» አሉኝ። ምን ቆርጦኝ አልሄድም! ጥቅምት ላይ ባቡር ተሳፈርኩ። ከሎዛን ጀምሮ ጭጋግ ነበር፣ በርንን አላየኋትም ማለት ይቻላል፤ ዙሪክ ስደርስ ባቡር ላይ የላጥኩት የብርቱካን ልጣጭ እንኳ እጄ ውስጥ ቀዝቅዟል። ኦርሊኮን ያኔ መስታወታቸው የረገፈ የድሮ ፋብሪካዎች መንደር ነበረች። ዘነበች በሩን ከፍታ አየችኝ። «ግቢ፣ ብርድ ነው» አለች። ምስር ወጥ በፈረንጅ ዳቦ አቀረበችልኝ። ሳሚ በነጭ ዩኒፎርሙ ከግድግዳው ላይ ያየኛል። ብተወው ሌላ ጠብ ነው፣ በላሁ።

ስጨርስ እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ።»

«ልታገቢ ነው አሉ» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለቁርባንሽ ነዋ የመጣሽው።»

ምን ልበል? ዝም አልኩ፣ እሱን እንደሆነ እችልበታለሁ።

«ይቅር አልልሽም» አለች። ቁጣ የለበትም፣ እንዲያው ደክሟት ነው የምትናገረው። «በሳምንቱ ደወለ፣ ድምፁን ሰማሁ። በየወሩ ይጽፋል፣ እዚህ ሌላ ሰው ያነብልኛል። ግን ልቤ አንዴ ቀብሮታል፣ አልነሳልሽ አለኝ። ደህና ነኝ ይለኛል፣ እሺ እላለሁ፣ ስልኩን ዘግቼ አለቅሳለሁ። አገልግሎቱን ጨርሶ ይምጣ። በዓይኔ ልየው፣ በእጄ ልዳብሰው። ያኔ ነይ።»

ተክሊሉ ቀረ፣ በማዘጋጃ ቤት ተፈራረምን። ሳሚ ከሁለት ዓመት በኋላ ጨርሶ ዙሪክ መጣ፤ ትልቅ ድግስ ነበር አሉ፣ እናቱ ቀኑን ሙሉ ክንዱን አለቀቀችም አሉ። እኔ አልሄድኩም። ያኔ ነይ ብላኝ ነበር፣ አልሄድኩም። እልኽ ነበረብኛ! እኔንስ ማን ይቅርታ ጠየቀኝ? ስልኩን ማን ደወለ? ይህን ሙግት ለራሴ ስሟገት ጸጉሬ ሸበተ። ባሌ በዙሪክ ሥራ ሲያገኝ ዲቲኮን ገባን፤ ከኦርሊኮን የግማሽ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል ዞር አላልኩም።

ልጄ ባልካን ከደረሰ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። በስልክ መልክት ይልካል፤ ደህና ነኝ ይላል፣ አንዳንዴ ቃል እንኳ ሳይጽፍ የአውራ ጣት ምስል ብቻ። ባሌ ደህና ነው ይለኛል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ኧረ ደህና ነው፣ እዚያ ምን አለ፣ ይሉኛል። ሁሉም ይወዱኛል፣ ስለዚህ አንዳቸውንም አላምንም። አሁን ገባኝ፣ ያን ቀን ከሦስታችን መካከል ለምን የኔን እጅ እንደያዘች። አንድ ነገር ቢደርስ፣ አያድርገውና፣ እውነቱን እንድትነግረኝ የምፈልገው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ዘነበች በሕይወት አለች፣ እዚያው ኦርሊኮን ናት አሉ። ደህና ነው ካለችኝ አምናለሁ፤ እኔን ለማስደሰት ብላ የምትዋሽበት ምክንያት የላትም።