በሁለት ቀን የተሞላ ሶሌታ

እናቴ ደጋ ላይ የኖረችው በቀርከሃ ቤት ነው። ምስጥ እግሩን በበላው ቁጥር ጎረቤት ይጠራል፣ ቤቱ በትከሻ ይነሣና ሌላ ቦታ ይተከላል። ልጅ ሆኜ ያሳፍረኝ ነበር። መምህርት ሆኜ ከተማ ወርጄ ሴቻ ላይ ቦታ ሳገኝ ታዲያ ጣሪያው ሳይቀር አርማታ ይሁን አልኩ። ፎርማኑ ወሬው ይጥማል፤ "የኔ እመቤት፣ ሲሚንቶው ሸክሙን ይችላል፣ ፌሮው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ምስጥ አይበላው፣ እሳት አይደፍረው፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ ተያይዞ ይቆማል" አለኝ። እውነቱን ነው። "ብቻ ሶሌታ፣ ይኼ የጣሪያው አርማታ፣ ባንድ ቀን ይሞላ። ከተቋረጠ የትናንቱና የዛሬው አይያያዙም።"

የሙሌቱ ቀን ግማሹን እንዳደረስን የእድር ጥሩምባ ተነፋ። አጥር የምንጋራቸው ባልቴት አርፈዋል። ሠራተኞቹ ባልዲያቸውን አስቀመጡ። "ጨርሰን እንሄዳለን!" አልኩ። ከደጋ ወርዳ ከኔ ጋር የምትኖረው እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጓሮው ቤት ወጣች።

"ሬሳ ሳይወጣ አንቺ ጣሪያ ትሞያለሽ? ሰው ምን ይለናል? እኛስ ስንሞት ማን ሊቀብረን ነው?"

ፎርማኑ አንገቱን ደፋ። ለአፌ ለከት የሌለኝ ሴት፣ ያን ቀን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተከተልኳት። ሄደን ቀበርን፤ የቀረውን በማግስቱ ሞላነው።

በመጀመሪያው ክረምት የልጆቼ መኝታ ክፍል ጣሪያ ላይ አንድ እርጥብ መስመር ወጣ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ልክ ያቆምንበት ቦታ። ፎርማኑ አይቶ "አልተያያዘም፣ አይታመንም፤ አፍርሰን እንሙላው" አለ። በአፍማ ቀላል ነው! ከመስቀል በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ እያልኩ ገፋሁት። ልጆቹን ከዚያ ላወጣ ሳስብ እናቴ ቀደመችኝ፤ "ፀሐይ ያለው እሱ ነው፣ ለኔ ስጡኝ" አለች።

"እማዬ፣ ያፈሳል እኮ! ሌላ ክፍል አለልሽ" ብላት አሻፈረኝ አለች። እርጅና ያመጣው ግትርነት ነው ብዬ ለጓደኞቼ አማኋት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ብርጭቆው ተንኳኳ፣ ልጆቹ ደንግጠው ወደ አያታቸው ክፍል ሮጡ። እናቴ ልጅ ተቆጥታ አታውቅም። ያን ዕለት ግን ምርኩዟን አንሥታ "ውጡ! እዚህ እንዳትገቡ!" ብላ ጮኸች። አባርራቸው ስታበቃ ራሷ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። እኔ ልጆቹን ግቢ አውጥቼ ስመለስ እንደተቀመጠች ነበረች።

"አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ? ለምን አልወጣሽም?" ብዬ ጮኽኩባት።

በምርኩዟ ጫፍ መስመሩን አሳየችኝ። "ሙሌቱን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ከወደቀም በኔ ይውደቅ።"

ለካስ ፎርማኑ ያለኝን ሁሉ ሰምታ ኖሯል። እኔ በዓል ስቆጥር እሷ አውቃ ከሥሩ ትተኛ ነበር። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በራሴ አፈርኩ።

ፎርማኑ ሰኞ ሊያፈርሰው ይመጣል። ዛሬ ጠዋት አልጋዋን ስናወጣ "በሙሌቱ ቀን ጥሩምባ ቢነፋስ?" አለችኝ።

"አንቺ ለቅሶ ትሄጃለሽ፣ እኔ እሞላለሁ" አልኳት።

ትራሷን እንዳቀፈች ቆማ ጣሪያውን አየችው። ሰው ምን ይለናል አላለችኝም።