ስም የሌለበት ወረቀት

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ጦርነት ባለፈበት ከተማ ውስጥ አድጌ፣ ስለ አንድ አስፈሪ ፊልም ብጽፍ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ሦስት ቀን አመንትቻለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ይኸው ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ይኸው ነው። ግን ባልጽፈው ደግሞ የሚያስታውሰው ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ያስጀመረኝ ፍላሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ለክፍል ሥራ የሚሆን ባዶ ፍላሽ ስፈልግ፣ ከእናቴ የክርና የመርፌ ቆርቆሮ ሥር አንድ ጥቁር ፍላሽ አገኘሁ። ጀርባው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም የተነጠበች አንዲት ነጥብ አለች፤ ዳር ዳሩ ተላልጧል። ላፕቶፔ ላይ ስሰካው የጋለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ላፕቶፔ አዲስ ነው፣ ምንም አይሸትም። ሽታው የመጣው ከድሮ ዓርቦች ነው።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እንደ ዛሬው የመን፣ ኤደን ከተማ፣ ክሬተር በሚባለው ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮታችን ፊት ለፊት ያለው ጥቁር ተራራ ጠዋት የዋጠውን ፀሐይ ከሰዓት በኋላ መልሶ ይተፋብናል። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዓርብ ዓርብ፣ የጁምዓ ሶላት ካበቃ በኋላ፣ በየሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችን የኢትዮጵያ ሴቶች ቀሚስ ሊያስጠብቡና ሊያስረዝሙ ይመጡ ነበር። የቀሚሱ ሥራ ቶሎ ያልቃል፤ እነሱ ግን አይሄዱም። ያቺ ከሰዓት በሳምንት አንድ ጊዜ የምትገኝ የራሳቸው ጊዜ ነበረች።

ወተት ያለበት የኤደን ሻይ ይፈላል፤ ከታች ከመንገዱ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ባጂያ ይገዛል። ከዚያ ፊልም ነው። መብራት ግን ሁልጊዜ የለም። ኤደን ውስጥ መብራቱ የሚጠፋበትን ሰዓት «ጣፊ» እንለዋለን፤ ከሰዓት በኋላችን በአብዛኛው ጣፊ ነበር። የአባቴ የሥራ ላፕቶፕ ብቻውን፣ በራሱ ባትሪ፣ አንድ ሰዓት ከምናምን ይቆያል። ረጅም ታሪክ ከጀመርን መሃል ላይ ይጥለናል። ስለዚህ አጫጭር ታሪኮች አንድ ላይ የተገጣጠሙባቸውን አስፈሪ ፊልሞች መረጥን። ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ቢያንስ ሁለቱ ታሪኮች አልቀዋል። እናቴ «የቁርጥራጭ ጨርቅ ሥራ» ትላቸው ነበር።

እነዚያ ፊልሞች ውስጥ ጂኑ ዝም ብሎ አይመጣም። አንድ ሰው በቆዳው ምክንያት ተገድሎ ወይም ተባርሮ ነው የሚመጣው። ጥቁሮችን አላከራይም ያለው ሰውዬ የገዛ ቤቱ ክፍሎች በየቀኑ እየጠበቡ ያፍኑታል፤ ልጅ የደበደበው ፖሊስ እጁ አልታዘዘው ይላል። ሴቶቹ ፖሊሱ ሲጮኽ ያጨበጭቡ ነበር። የሚፈሩት ሌላ ቦታ ላይ ነበር። አንዲት ሴትዮ ፈገግ ብላ «አንቺኮ እንደ ቤተሰብ ነሽ» ስትል፣ ምንጣፉ ላይ ያሉት ሁሉ እግራቸውን ይሰበስባሉ።

«አዑዙቢላህ! ይቺ ናት እንግዲህ» ትላለች ሳቂታዋ፣ ማዕላ ሰፈር የምትሠራው። «እኛ ዘንድ ጂን ለምን ይለፋል? ማዳሜ ብቻዋን ትበቃ የለ!»

አባቴ ከጓዳ ሆኖ «ኢንተርቫል ደረሰ?» ይላል። እሱ ልጅ ሳለ እዚህ ሲኒማ ቤቶች ነበሩ፤ ለፊልሙ መሃል እረፍት የሚባለው ቃል ከዚያ የቀረ ነው። ኢንተርቫል ማለት ለእሱ ሻይ ማለት ነበር።

የእኔ ሥራ መተርጎም ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ሴቶቹ በቤትና በገበያ ዓረብኛ ከእኔ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም፤ ማንበብ ግን አይችሉም ብዬ ነበር የማምነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ፊልሙን አቆመዋለሁ፣ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ እለቀዋለሁ። ወንበር ላይ የምንቀመጠው እናቴና እኔ ነበርን፤ እነሱ ምንጣፍ ላይ። ማንም ያዘዘው ነገር አልነበረም፤ እንዲሁ ሆኖ ቀረ። ያኔ አላስተዋልኩትም።

ፍላሹ የሐይቋ ነበር። ከወሎ፣ ከሐይቅ ስለመጣች እንደዚያ ነበር የምንጠራት። ከሌሎች ፍላሾች ጋር እንዳይቀላቀልባት በጥፍር ቀለም ያነጠበችው እሷ ናት። የምትሠራው ሩቅ፣ ወደ ትንሿ ኤደን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሰላሕ አድ-ዲን የሚባል ሰፈር ነው፤ በሁለት ሚኒባስ ትመጣለች። ብዙ አትስቅም፤ ሁልጊዜ ስክሪኑ አጠገብ ትቀመጣለች። ኤደን ከመጣች ሰባት ዓመቷ ነው። ኮንትራቷ ካለቀ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ጃዋዟ፣ ማለትም ፓስፖርቷ፣ በማዳሟ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ስትጠይቅ «ነገ» ይሏታል። ሐይቅ ላይ የአንድ ዓመት ሆና የተወቻት ልጅ ነበረቻት። አንድ ቀን ፎቶዋን በስልክ አሳየችኝ። «ጥርሷ ወልቆ ሌላ በቀለ፤ እኔ ሁለቱንም አላየሁም» አለችኝ። ይህንን ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም።

ያን ዕለት ያመጣችው ፊልም አራት ታሪክ ነበረው። አንዲት አሮጊት ልብስ አጣቢ ከማሽኑ ውስጥ ልብስ በልብስ ታወጣለች፤ እያንዳንዱ ልብስ የባለቤቱን ታሪክ ይናገራል። ሦስተኛው ልብስ ነጭ ሽርጥ ነበር። አንዲት ጥቁር ሠራተኛ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ስትሠራ፣ ከግድግዳው ውስጥ ከእሷ በፊት የሠሩ ሴቶች ሲተነፍሱ ትሰማለች። ወረቀቷን የያዘችው የቤቱ እመቤት ናት። በመጨረሻ ሠራተኛዋ እንግዶች በተሰበሰቡበት ቆማ «ወረቀቴን ስጪኝ» አለች።

ሁሉም ወደ ስክሪኑ ተጠግተዋል። እናቴም መስፋቷን ትታለች።

እመቤቲቱ ሣጥን ከፈተች፣ ወረቀት አወጣች፣ እየሳቀች ሰጠቻት። ጽሑፉ ረጅም ስለነበረ አቆምኩት። ከሥሩ የተጻፈው ይህ ነበር፦ «ውሰጂው፣ ስምሽ የለበትም። በየትኛውም በር ብትወጪ ተመልሰሽ የምትገቢው እዚሁ ነው።»

ዘወር ስል ፊታቸውን አየሁ። ሳቂታዋ ጉልበቷን አቅፋለች። የሐይቋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ዱዓ እያደረገች መሰለኝ። እኔ ሰው ደስ ማሰኘት የምወድ ልጅ ነበርኩ። አሁንም እንደዚያው ነኝ። እንዲህ አልኳቸው፦

«ሴትየዋ እንግዶቹ ፊት አፈረች። ‹ይኸው ወረቀትሽ፣ አገርሽ ግቢ› አለቻት።»

ለቀቅኩት። ሠራተኛዋ ወደ በሩ ሄደች፣ በሩ ተከፈተ፣ ነጭ ብርሃን ታየ። እዚያ ላይ ባትሪው አለቀ።

እልልታ ሆነ። «አልሐምዱሊላህ! ሰው ፊት ነው እንዲህ ያለችው!» አለች ሳቂታዋ። የሐይቋ ጥቁር የሆነውን ስክሪን እያየች ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጎበዝ» አለችኝ።

ዛሬ የመጀመሪያ ዓመት የትርጉም ተማሪ ነኝ። መምህራችን በመጀመሪያው ቀን «ተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም» ሲሉን፣ በንጹሕ ጽሑፍ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት። ከዚያ እጄን አውጥቼ ምንም ሳልጠይቅ መልሼ አወረድኩት።

በሚቀጥለው ዓርብ የሐይቋ አልመጣችም። በሁለተኛው ዓርብም ቀረች፤ ስልኳም ዝግ ነው። በሦስተኛው ሳቂታዋ ወሬውን ይዛ መጣች፤ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። የማዳሟ ልጅ ወልዳለች። እዚህ አገር አራስ እስከ አርባ ቀኗ ከሰዓት ከሰዓት በሴት እንግዳ ትጠየቃለች። የሐይቋ አንድ ቀን ትሪውን አስቀምጣ፣ ክፍሉ ሙሉ ሴት ባለበት፣ «ማዳም፣ ጃዋዜን እፈልጋለሁ» ብላለች።

«ማዳሟ ምን አለች?» አለች እናቴ።

«ሳቀች። እያቆላመጠች ‹ማማ፣ ከአርባው በኋላ ኢንሻአላህ› አለቻት። እንግዶቹ ሲሄዱ ግን ስልኳን ነጠቀቻት። ዓርብ መውጣትም ቀረ። ምን አስባ ነው ግን እትዬ? ደህና ሰው አልነበረች!»

ምን አስባ እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። ሴቶቹ እስኪሄዱ ጠብቄ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። መቀሷን አስቀመጠች። ከዚያ «ነገ ተነሺ፤ እኛ ጋ የቀረውን ቀሚሷን እናደርስላታለን» አለች።

በማግስቱ በሚኒባስ ሄድን። አል-ሒስዋ የሚባለው ረግረግ ጋ ስንደርስ የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫ ከረግረጉ ጀርባ ቆሟል፤ ነጫጭ ወፎች ውኃው ላይ አሉ። የሚኒባሱ ረዳት እናቴን «ያ ሐበሺያ፣ ወደ ኋላ እለፊ» አላት። እናቴ እዚሁ ኤደን ነው የተወለደችው፤ ቢሆንም አለፈች። ቀሚሱን ጭኗ ላይ ታጥፍና ትዘረጋ ነበር።

በሩን የከፈተችልን የማዳሟ አማት ናት፤ በሂና የቀላ ፀጉር ያላት፣ ዱላ የያዘች አሮጊት። እናቴ በአክብሮት «ያ ኻላ፣ የሠራተኛችሁን ቀሚስ አምጥተን ነው» አለቻት። አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አየችን።

«የጃዋዟ ነገር ነው ያመጣችሁ» አለች በዓረብኛ። «ከአርባው በኋላ ተብሏል። በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ፤ ሃያ ሴት ሰምቷል። ይቺ ልጅሽ ወደ ጣሪያ ትውጣ፣ ሠራተኛዋ እዚያ ናት።»

ጣሪያው ላይ የሕፃን ጨርቅ ተደርድሮ በባሕሩ ነፋስ ይማታል። ሳሙናና ጨው ይሸታል። የሐይቋ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ ነበር፤ ስታየኝ ከአፏ አውጥታ ኪሷ ከተተችው። ከስታለች።

«ዋሸሁሽ» አልኳት፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«ምኑን?»

«ፊልሙን። ሴትየዋ አላፈረችም። ወረቀቱ ላይ ስሟ አልነበረም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።» እያለቀስኩ ነበር።

«አውቃለሁኮ» አለች።

«እንዴት?»

«አንብቤው ነዋ! ቁርአን የቀራሁት አንቺ ሳትወለጂ ነው፤ ፊደሉ የት ይሄድብኛል? ቀስ ብዬ ነው እንጂ አነባለሁ። አንቺ ደግሞ አቆምሽው፤ እስክጨርስ ጠበቅሽኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

አንድ ጨርቅ አንስታ አራገፈች፤ ጠብታው ፊቴ ላይ አረፈ።

«ምን ብዬ? እነሱ እልል እያሉ! ደሞ ወላሂ፣ የፊልሙን አጨራረስ ሰባት ዓመት ኖሬበታለሁ። እስቲ ያንቺን ልሞክረው አልኩ።»

«እምቢ ብትልሽስ?»

«አብሽሪ። ሰው ፊት ነው ያለችው። አሮጊቷ በየቀኑ ‹ስንት ቀን ቀረን?› እያለች ትጠይቃታለች። ትወደኛለች ብለሽ እንዳይመስልሽ፤ የልጇን ሚስት አትወዳትም።» ያኔ ሳቀች። ስትስቅ ድዷ እንደሚታይ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ጉንጬን ጠረገችልኝ። «ፍላሼ እናንተ ጋ ነው አይደል? አራተኛውን ታሪክ እኔ ሳልመጣ እንዳታዩት። አብረን ነው የምናየው።»

«እሺ» አልኳት።

በሚቀጥለው ዓርብ እናቴ ከወንበሯ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እኔም ወረድኩ። ሌላ ፊልም አየን፤ አንድ ቃል ሳልጨምር ተረጎምኩ። ማንም እልል አላለም።

አርባው ዓርብ ላይ ዋለ። ከሰዓት በኋላ አስቀድሜ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጌ፣ ፍላሹን አጠገቡ አስቀምጬ፣ ባጂያ ልገዛ ወረድኩ። ተርታው ረጅም ነበር። ትኩሱን በወረቀት ጠቅልዬ ደረጃውን እየዘለልኩ ስወጣ፣ እናቴ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ምንጣፉ መሃል ቆማለች። ሴቶቹ ሁሉ እሷን ያያሉ።

የሐይቋ ከአውሮፕላን ማረፊያው፣ በሰው ስልክ ነበር የደወለችው። ማዳሟ ጃዋዙንና ትኬቱን አንድ ላይ ሰጥታ፣ ለመሰናበት እንኳ ጊዜ ሳትሰጣት፣ በቀጥታ ከቤት ወደዚያ ልካታለች። አሮጊቷ እስከ መኪናው በር ሸኝታታለች። ስልኩ የሌላ ሰው ስለሆነ ብዙ አላወራችም።

«ለልጅቷ ንገሪልኝ አለች» አለችኝ እናቴ። «ከፍቼ አየሁት፣ ስሜ አለበት በያት አለች።»

ባጂያው እጄ ላይ ወረቀቱን በዘይት እያራሰ ነበር። ላፕቶፑ ተከፍቶ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይጠብቃል። ማንም ክፈቺው አላለኝም። ሴቶቹ ሻይ ጠጥተው በጊዜ ሄዱ። ከዚያ በኋላም ቀሚስ ሊያስጠብቡ ይመጡ ነበር፤ ለፊልም ግን አልተቀመጡም። ቀደም ሲል በሰጠችን የስልክ ቁጥር ወደ ሐይቅ ደወልን፤ አይሠራም።

ባለፈው ሳምንት ፍላሹን ስሰካው ፊልሙ እንዳለ ነበር። ጣቴን ላዩ ላይ አሳርፌ ትንሽ ቆየሁና ነቀልኩት፤ ወደ እናቴ ቆርቆሮ መለስኩት። አራተኛው ልብስ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አብረን ነው የምናየው ብላኛለች።

እናቴ የሐይቋ የሄደችበትን ዕለት በግድግዳው ካሌንደር ላይ በልብስ ማስመሪያ ኖራዋ ቁራጭ ምልክት አድርጋበት ነበር፦ የካቲት ስምንት ቀን፣ ዓርብ።