ውሃ የለም

ዶርም ውስጥ የምንጠራራው በስም ሳይሆን በመጣንበት ከተማ ነበር። እኔ ሊሙ ነበርኩ፤ አባቴ ሊሙ ገነት የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር። አንዷ ጓደኛዬ አጋሮ፣ ሌላዋ ደሴ። ደሴ በጣም ረጅም ስለነበረች "የመብራት ፖል" እያልን እናበሽቃት ነበር።

ዩኒቨርሲቲያችን ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ ውሃ ሲጠፋ የራሳችን ዘዴ ነበረን። አንዳችን ወርዳ ቧንቧውን ታያለች። ከሌለ፣ ከሕንፃው ሥር ቆማ ሁለት እጇን ከራሷ በላይ ታጣምራለች፤ ጀሪካን ይዛችሁ በከንቱ አትውረዱ ማለቷ ነው። እኛም ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት እጃችንን አጣምረን እንመልስላታለን። ካልመለስንላት እዚያው ትገተራለች፤ በተለይ ደሴ፣ ችክ ያለች ነበረች።

በዚያ ዓመት ግን ያው ምልክት የተቃውሞ ምልክት ሆነ። በመንግሥት ላይ የተቆጡ ወጣቶች እጃቸውን እንዲያ አጣምረው አደባባይ ይወጡ ነበር፤ ይታፈሱም ነበር። የአጋሮ ወንድም ከተወሰደ ሰንብቷል፣ የት እንዳለ ለቤተሰቡ የነገረ የለም። እኛም መስኮቱን ትተን ደረጃ እየወጣን በአፋችን መነጋገር ጀመርን።

ስታዲየም ቀኑን ሙሉ የሙዚቃ ድግስ አለ ሲባል እኔ አልሄድም ብዬ ነበር። ጠዋት አባቴ ደውሎ "ሰው የተሰበሰበበት እንዳትደርሺ፣ አደራ" አለኝ። "እሺ አባዬ" አልኩት፣ ሊፕስቲክ እየተቀባሁ። የለመነችን አጋሮ ናት። "አቦ አንድ ቀን እንኳ ልርሳው" ስትል ማን እምቢ ይላል?

ስታዲየሙ ጢም ብሏል። ከአጥሩ ሥር ዱላ የያዙ ፖሊሶች ተደርድረዋል፤ እኛ ሌላ ቦታ አጥተን ከእነሱ ፊት ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ዘፈኑ ደምቆ ሕዝቡ እጁን ባነሳ ቁጥር ወደ ፖሊሶቹ ዞር እል ነበር። አጋሮ ግን ትጨፍር ነበር፣ እጆቿን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከትታ በትከሻዋ ብቻ። አንድም ጊዜ አላወጣቻቸውም።

ፀሐዩ ሲበረታ ደሴ ውሃ ልትገዛ ሄደች። በጣም ቆየች። በኋላ ከመድረኩ አጠገብ ጭንቅላቷ ከሰው ሁሉ በላይ ብቅ አለ። አየችን። ከዚያ ሁለት እጇን አንስታ አጣመረች።

ውሃ የለም ማለቷ ነበር። ምን እንደነካት እንጃ፤ ጥማትና ልማድ ይሆናል።

አጠገቧ የነበሩት ልጆች ግን ስለ ውሃ መች አሰቡ? አንዱ አጣመረ፣ ሌላው ተከተለ፣ ፉጨቱ ቀለጠ። ከኋላችን የፖሊስ ሬዲዮ ሲንጫጫ ሰማሁ። ከሁሉም ጎልታ የምትታየው ደሴ ናት፤ እጇን እንደሰቀለች ዓይኗን እኛ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። "አውርጂ!" ብዬ ጮህኩ፣ ስፒከሩ ዋጠው። በእጄ ወደ ታች ባሳያት ሳቀች።

"ወላሂ፣ ካልመለስንላት አታወርድም" አለች አጋሮ።

"ተይ በናትሽ! ከኋላችን እኮ ናቸው" ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

አላቀቀችው። እጆቿን ከኪሷ አወጣች፣ ከራሷ በላይ አነሳች፣ አጣመረች። ደሴ ወዲያው እጇን አውርዳ ከሰው መሃል ገባች።

ሁለት ፖሊሶች እኔን አልፈው አጋሮን በጃኬቷ ያዟት። "ውሃ የለም ማለት ነው! ውሃ!" እያልኩ ተከተልኳቸው። አንደኛው ሳያየኝ "ተቀመጪ" አለኝ። አጋሮ አንዴ ዞር ብላ አየችኝ። በኋለኛው በር አስወጧት።

ዘፋኙ አላቋረጠም። ደሴ በሰው መሃል እየተሽሎከለከች መጣች፣ ላብ አጥምቋታል።

"የለም አላልኳችሁም? ስንት ቦታ ጠየቅኩ መሰላችሁ" አለች። ከዚያ ዙሪያዋን ተመለከተች።

"አጋሮስ?"