ያላየሁትን አልጽፍም

በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቼ የታሰሩት የሰፈራችን ወጣቶች የት እንዳሉ ጠየቅሁ። በማግስቱ ሮቤ ውስጥ አንድ ጠባብ የእስር ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር። ክፍሉ እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል፤ ብርዱ ከሲሚንቶው ወለል ይነሳል። ውስጥ ያሉት ሰዎች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።

አጠገቤ የተኛው የደሎ መና ማር ነጋዴ ነበር፤ ግራ እግሩ አብጦ ጫማ አይገባለትም። ሥራዬን ጠየቀኝ። ድሮ የጎባ ሲኒማ ቤት ማስታወቂያ ሰዓሊ እንደነበርኩ ስነግረው ተነስቶ ተቀመጠ።

«ወላሂ? ያ በፈረስ የሚጋልበው ሰውዬ ያንተ ሥራ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«አውቶቡስ ያመለጠኝ በእሱ ነዋ! ሰሌዳውን ሳይ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ‹ማሩን ይዞ ጠፋ› ብሎ አገር ለአገር ፈለገኝ።» ሳቀ። «ግን ፊልሙ ውስጥ ፈረሱ ነበረ። ልክ እንደሳልከው፣ ግንባሩ ነጭ።»

ፈረሱ የነበረው ስላየሁት ነው። ሌሎች ሰዓሊዎች ከትንሽ ፎቶ ላይ ይገለብጡ ነበር። እኔ ግን ፊልሙ በአውቶቡስ እንደደረሰ፣ የፊልም ማሽኑ ሠራተኛ በቀን፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያሳየኝ ነበር፤ ካላየሁ ብሩሽ አላነሳም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከሳሙናና ከለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያዎች ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሲዋሽ ያመኛል። የዛሬው የፕላስቲክ ማስታወቂያ ያማረ ነው፤ በእሱ የተታለለ ሰው ግን ማንን ይወቅሳል? እኔን ቤቴ ድረስ መጥቶ መውቀስ ይቻል ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ አስጠራኝ። የእስረኛ አያያዝ የሚያዩ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው። ግቢው ውስጥ ነጭ የተቀባ የቆርቆሮ ሰሌዳ፣ ቀለምና ብሩሽ ቀርቧል።

«ጋሼ፣ እጅዎ ጥሩ ነው ይላሉ። ሦስት መስመር ነው። የጣቢያው ስም፤ ታሳሪ በየቀኑ በቤተሰቡ ይጠየቃል፤ የታመመ ይታከማል። ይጻፉና እሁድን ቤትዎ ይዋሉ።»

እሁድ ያለው አውቆ ነው። ልጄን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከገሰራ የሚመጡት ያን ቀን ነበር።

«ሐኪሙን ያሳዩኝና እጽፋለሁ» አልኩት።

«ምን?»

«ያላየሁትን አልጽፍም። የነጋዴውን እግር የሚያክም ሐኪም ካለ ልየው።»

«ይሄ ሲኒማ ቤት አይደለም፣ ሽማግሌው! ጻፍ!»

የጣቢያውን ስም እንደ ድሮዬ በቀይ ጻፍኩ፤ ጥላውንም በጥቁር አወጣሁለት። ጥሩ ሥራ ነበር። ከዚያ ብሩሹን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ መለስኩለት።

«ያየሁት ይህን ነው።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ለነጋዴው የሆነውን ነገርኩት። ያበጠ እግሩን በሁለት እጁ ደግፎ ወደ እኔ ዞረ። «አይ ኦቦ ሰዓሊ!» አለ። «የእሁዱን ድግስ ማር እኮ እኔ ከቤቴ አስልኬ እችልልህ ነበር።»

እሁድ ሽማግሌዎቹን በእኔ ቦታ ሆኖ የተቀበለው የሚስቴ ወንድም ነው። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሰዓቱን እገምታለሁ፤ አሁን ገቡ፣ አሁን ‹ጉዳያችንን ካልሰማችሁልን አንቀመጥም› ብለው ቆሙ።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ተለቀቅሁ። የጎባው ሲኒማ ቤት ዛሬ የስንዴ መጋዘን ነው። ልጄ ስለዚያ እሁድ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃኛለች።

«አባዬ፣ ሁለት መስመር ከእኔ በለጠብህ?»

«ውሸት በጻፈ እጅ ልመርቅሽ አልፈለግሁም» አልኳት።

ልክ ነህም፣ ተሳስተሃልም አላለችኝም። እኔ ዛሬም ልክ እንደነበርኩ አምናለሁ፤ የከፈለችው ግን እሷም እንደሆነች አውቃለሁ።

ዘንድሮ ሮቤ ላይ የልብስ ስፌት ቤት ከፈተችና ማስታወቂያውን እንድጽፍላት ጠራችኝ። የሀበሻ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ በልልኝ አለችኝ። ቀለሙን በጥብጬ ቀና ስል፣ ሳልጠይቃት፣ የሰፋቻቸውን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታልኝ ነበር።